ጎንዶር ጎንደር አይደለም፣ ቀለበቱም ቦምብ አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የተባለውን ልብ ወለድ ከሦስቱ ፊልሞች ጋር፣ ሁለቱንም ደግሞ ከደራሲው ከቶልኪን የግል ሕይወት ጋር ያነጻጽራል። አጻጻፉ ይጥማል፤ ጸሐፊው ፊልሞቹን ደጋግመው ማየታቸውም ያስታውቃል። መጽሐፉን ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በጥድፊያ የገለጡት ይመስላል። የደራሲው ደብዳቤዎችና ረቂቆች ዘንድ ደግሞ ጨርሶ አልደረሱም።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ፍሮዶ የተባለ ሆቢት፣ ሻየር ከተባለ ገጠር የመጣ አጭር ፍጡር፣ የክፉውን ጌታ የሳውሮንን የኃይል ቀለበት ለማጥፋት ከአገልጋዩ ከሳም ጋር ወደ ጠላት አገር ወደ ሞርዶር ይጓዛል። አሁን ጸሐፊው የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። መጽሐፉ የደራሲው የጦርነት ማስታወሻ ነው፤ ቀለበቱ አቶሚክ ቦምብ፣ ሞርዶር ናዚ ጀርመን ነው። ሳውሮንን የምትዋጋው የሰዎች አገር ጎንዶር የእኛው ጎንደር ነው። የጎንዶር ዙፋን ወራሽ የአራጎርንና ኤልፍ ከተባሉት የማይሞቱ ፍጡራን የሆነችው የአርወን ፍቅር የቶልኪንና የባለቤቱ የኢዲት ፍቅር ነው፤ ስለዚህ ፊልሙ አርወንን ማጉላቱ ደራሲው የደበቀውን ማውጣት ነው። የጎንዶር አዛዥ ፋራሚር መጽሐፉ ውስጥ መልአክ ነበር፣ ሰው ያደረገው ፊልሙ ነው። ከቀለበቱ መጥፋት በኋላ የሚመጡት ምዕራፎች ትርፍ ናቸው፣ መቆረጣቸው ደግ ሆነ። ማሰሪያውም፦ ሰውየውን ማወቅ የሚፈልግ ፊልሙን ይይ፣ ከመጽሐፉ ይልቅ ለሕይወቱ የሚቀርበው ፊልሙ ነውና።

ብዕር ያስነሳኝ ይህ ማሰሪያ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፊልሙ የቆረጣቸውና የለወጣቸው ቦታዎች፣ ቶልኪን ራሱ ከገጸ ባሕርያቱ ጀርባ ብቅ የሚልባቸው ቦታዎች ናቸው። ይህን በየተራ አሳያለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በጦርነቱ ልጀምር፤ እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሹን አግኝተውታል። ቶልኪን በጁን 1916 ፈረንሳይ ገባ፤ በላንክሻየር ፊውዚሊየርስ 11ኛ ሻለቃ የመገናኛ መኮንን ሆኖ በሶም ውጊያ ላይ ነበር። በቅማል የሚተላለፈው የምሽግ ትኩሳት ይዞት በኖቬምበር ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ከማይለያቸው ጓደኞቹ ሮብ ጊልሰን በሶም የመጀመሪያ ቀን፣ ጁላይ 1፣ ወደቀ፤ ጂ. ቢ. ስሚዝ በዲሴምበር ሞተ። ይህ ሁሉ በመጽሐፉ ላይ ጥላ አላጠለም የሚል የለም። ፍሮዶና ሳም የሚሻገሩት፣ ከውሃው በታች የሙታን ፊት የሚታይበት ረግረግ ከሶም በኋላ ከነበረው የሰሜን ፈረንሳይ ምድር የወሰደው ነገር እንዳለ ደራሲው በ1960 በደብዳቤ ጽፏል። እዚያው ላይ ግን ከዊሊያም ሞሪስ ልብ ወለዶች የወሰደው እንደሚበልጥ አክሏል። የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ መሮጥ ለትንታኔ ይመቻል፤ ሁለተኛው ግን አብሮት ተጽፏል።

ቦምቡን ቀን ይፈርድበታል። መጽሐፉ የተጀመረው በዲሴምበር 1937 ነው። ጠንቋዩ ጋንዳልፍ የቀለበቱን ምንነት ለፍሮዶ የሚነግርበት ሁለተኛው ምዕራፍ ቀድመው ከተጻፉት አንዱ መሆኑን፣ የ1939ኙም ጥፋት የማይቀር መስሎ ከመታየቱ ብዙ በፊት መጻፉን ደራሲው በሁለተኛው እትም መቅድም ላይ ተናግሯል። ሂሮሺማ የተመታችው በኦገስት 1945 ነው። ያን ጊዜ መጽሐፉ ከተከፈለባቸው ስድስት ክፍሎች አራቱ አልቀው ነበር፤ አራተኛውማ በ1944 እየተጻፈ፣ ከእንግሊዝ አየር ኃይል ጋር ደቡብ አፍሪካ ለነበረው ለልጁ ለክሪስቶፈር በየምዕራፉ ይላክለት ነበር። ማንም ስለ ቦምቡ ሳይሰማ ቀለበቱ ጣት ላይ ገብቶ፣ ሰው አበላሽቶ፣ ሞርዶር ደጃፍ ደርሷል።

የናዚ ጀርመኑን ምሳሌ ደግሞ ደራሲው በራሱ መንገድ አፍርሶታል። ታሪኩ የዚያን ጦርነት አካሄድ የተከተለ ቢሆን ኖሮ ይላል፣ ቀለበቱ ይያዝና በሳውሮን ላይ ይዘመትበት ነበር፤ ሳውሮን አይጠፋም፣ ባሪያ ይደረጋል፤ ምሽጉ ባራድ ዱር አይፈርስም፣ ይያዛል። ከዳተኛው ጠንቋይ ሳሩማን በግርግሩ መሀል ሞርዶር ገብቶ የጎደለውን ዕውቀት ያገኝና የራሱን ቀለበት ይሠራል። ሆቢቶቹን ሁለቱም ወገኖች ይንቋቸዋል፣ ባሪያ ሆነው እንኳ ብዙ አይቆዩም። እንግዲህ ይህን ከመጽሐፉ አጨራረስ ጋር ማስተያየት ነው፤ በመጽሐፉ መሣሪያውን ማንም አይጠቀምበትም፣ ታሪኩ በሙሉ እሱን ስለመጣል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ አገር ልማድ ጸሐፊውን ያሳታቸው ይመስለኛል። በሰምና ወርቅ ያደግን ነንና ሰም ባየንበት ሁሉ ወርቅ እንፈልጋለን። ቅኔ ውስጥ ግን ወርቁን ያስቀመጠው ባለቅኔው ነው፤ ኅብረ ቃሉ የትኛው እንደሆነ በጣት ይጠቆማል፣ ሲፈታም ሌላው ሰው ያንኑ ያገኛል። ቶልኪን እንዲህ ያለ ወርቅ አላስቀመጥኩም ነው የሚለው። አንባቢው ታሪኩን ከራሱ ዘመን ጋር ማዛመድ ይችላል፤ ያ የአንባቢው ነጻነት ነው። ደራሲው አስቦ የቀበረው ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ቀለበቱ ቦምብን ያስታውሰኛል ቢሉ ኖሮ ጭቅጭቅ አልነበረንም።

ጎንዶርና ጎንደር። ይህ የጽሑፉ በጣም የተወደደ አንቀጽ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚያኮራም ነገር ነው። የድንጋይ ከተማ፣ ነገሥታት፣ ግንብ፤ ፋሲል ግንብን ያየ ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ጥያቄው ግን አዲስ አይደለም። በ1971 አንድ ሰው ይህንኑ በደብዳቤ ጠይቆት ቶልኪን መልሷል፦ የኢትዮጵያዋን ጎንደር ስም ከዚያ ደብዳቤ በፊት መስማቱን አያስታውስም፤ ጎንዶር ሲንዳሪን በተባለው በፈጠረው የኤልፎች ቋንቋ «የድንጋይ አገር» ማለት ነው። ድንጋይን «ኦንድ» ያሰኘውን ምንጭም ይናገራል። በስምንት ዓመቱ ገደማ ባነበበው ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከኬልቶች በፊት ብሪታንያ ከነበሩ ሕዝቦች ቋንቋ ተረፉ ከተባሉት ጥቂት ቃላት አንዱ ይህ ነበር።

የሰው ትዝታ ይከዳል ይባል ይሆናል። ረቂቆቹ ግን አይረሱም። ክሪስቶፈር ቶልኪን ካሳተማቸው የመጀመሪያ ረቂቆች ውስጥ የፋራሚር ወንድም የቦሮሚር አገር፣ የጎንዶር፣ ስም በመጀመሪያ «ኦንድ»፣ ቀጥሎ «ኦንዶር» ነው፤ «ጎ» የመጣችው መጨረሻ ላይ ነው። ከጎንደር የተወሰደ ስም ከ«ጎ» ይጀምራል እንጂ ወደ «ጎ» አይሄድም። የታተመው መጽሐፍ ራሱም ይመሰክራል፤ የጎንዶር አጋር የሆነችው የሮሃን ሰዎች በጦርነቱ ለወደቁት በሚዘፍኑት ሙሾ ጎንዶርን በራሳቸው ቋንቋ የሚጠሯት «ስቶኒንግላንድ» ብለው ነው፣ የድንጋይ ሰዎች አገር ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ልቀበል። የእንግሊዝ ጦርና አርበኞቻችን ጎንደርን ከጣሊያን ያስለቀቁት በኖቬምበር 1941 ነው፤ ስሟ ያን ሰሞን እንግሊዝ አገር ሳይነሳ አልቀረም። ጆሮው ላይ ሽው ብሎ አልፎ ይሆናል፤ ማንም አላለፈም ብሎ ሊምል አይችልም። ከዚህ አልፎ ግን የሚያስኬድ ነገር የለም።

ድምፅ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ ከሆነማ ጸሐፊው ብዙ አምልጧቸዋል። ሮሃን የላሊበላ የጥንት ስም ሮሃ ናት ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ሞርዶር ደግሞ ከመርዶ የመጣ ነው! (ሮሃን በሲንዳሪን የፈረስ አገር ነው፤ ሞርዶር ጥቁር አገር።) ኢትዮጵያን በቶልኪን ሥራ ውስጥ መፈለግ ግን ከንቱ አይደለም፤ ስህተቱ ከማትገኝበት ቦታ መፈለጓ ነው። ቶልኪን በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ያሳተመው አንድ የሥነ ቋንቋ ጥናት አለ፤ ርእሱ «ሲጌልዋራ ላንድ» ነው። የጥንት እንግሊዝኛ ጸሐፍት ላቲኑ «ኢትዮጵያውያን» ያለውን ሲተረጉሙ የተጠቀሙበት እንግዳ ቃል ከየት እንደመጣ ይመረምራል። ቃሉን ለሁለት ይከፍለዋል። የፊተኛው አካል ፀሐይ ወይም ዕንቁ ነው። የኋለኛውን ከፍም ጋር ያዛምደውና፣ ጸሐፍቱ ለኢትዮጵያውያን ከመስጠታቸው በፊት ቃሉ ዓይናቸው እሳት የሚተፋ፣ ፊታቸው እንደ ጥላሸት የጠቆረ የጥንት ጀርመናውያን ተረት ፍጡራን ስም ሳይሆን እንዳልቀረ ይገምታል። ልብ ይባልልኝ፤ ጥናቱ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እንጂ ስለ እኛ አይደለም። ቢሆንም ፀሐይንና ዕንቁን በአንድ ቃል፣ እሳትንና ጥላሸትን በሌላው ሲያገላብጥ የነበረ ሰው በልብ ወለዱ ውስጥ የብርሃን ዕንቁዎችንና ባልሮግ የተባለውን የእሳትና የጥላ ፍጡር ማኖሩን ስናይ፣ ከጎንዶር ይልቅ እዚህ ቢቆፈር ይሻል ነበር ያሰኛል።

ወደ ፍቅሩ። ቶልኪንና ኢዲት ብራት በ1908 ሲተዋወቁ እሱ የ16፣ እሷ የ19 ዓመት ወላጅ አልባዎች ነበሩ። የእሱ አሳዳጊ፣ አባ ፍራንሲስ ሞርጋን የተባሉ የካቶሊክ ካህን፣ 21 ዓመት እስኪሞላው እንዳያገኛት፣ እንዳይጽፍላትም ከለከሉት። ጃንዋሪ 3 ቀን 1913 ሃያ አንድ የሞላው ዕለት ጻፈላት። እሷ ለሌላ ታጭታ ነበር፤ በቀናት ውስጥ ቼልተናም ድረስ ሄዶ አገኛት፣ ቀለበቱን መለሰች። ማርች 22 ቀን 1916 ተጋቡ፣ በጁን ወደ ጦር ሜዳ ሄደ። ጸሐፊው ይህን ሁሉ በሚገባ ተርከውታል። የአርወን አባት ኤልሮንድ አራጎርንን ልጄን የምሰጥህ ስትነግሥ ነው ማለቱም የአባ ፍራንሲስን ክልከላ ያስታውሳል፤ ይህንንም እቀበላለሁ።

ሆኖም ኢዲት አርወን አይደለችም። በ1917 ዮርክሻየር ውስጥ ሩስ በተባለ መንደር አጠገብ፣ ነጭ አበባ በሞላበት ጫካ ውስጥ ኢዲት ጨፍራለት ነበር፤ ከዚያ የተወለደችው የቶልኪን የቀደመ ታሪክ ጀግና ሉቲየን ናት፣ ታሪኳም ከዚህ ልብ ወለድ በሃያ ዓመት ይቀድማል። ለዚህ ማስረጃ ለመፈለግ ደብዳቤ ማገላበጥ እንኳ አያስፈልግም፤ ኦክስፎርድ፣ ዎልቨርኮት መቃብር ላይ ተቀርጿል። ከኢዲት ስም በታች «ሉቲየን»፣ ከቶልኪን ስም በታች የሉቲየን ፍቅረኛ ስም «በረን» ይላል። አርወን በአንጻሩ ለታሪኩ የመጣችው ዘግይታ ነው። በመጀመሪያ ረቂቆች አራጎርን ራሱ አራጎርን አልነበረም፤ «ትሮተር» የሚባል፣ የእንጨት ጫማ እያንቋቋ የሚሄድ ሆቢት ነበር። ሰው ከሆነ በኋላም በረቂቁ ለሮሃን ንጉሥ የእህት ልጅ ለኤዎዊን የታሰበበት ጊዜ ነበር። የባለቤቱን ምስል ሊደብቅ የፈለገ ደራሲ ባልየውን በእንጨት ጫማ አያስጀምርም፣ ለሌላም አያጭም።

ፊልሙ አርወንን ማጉላቱን እንደ ፊልም ሥራ እረዳለሁ። የእሷ ታሪክ ያለው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ በተጨመረው አባሪ ውስጥ ነው፤ ካሜራ አባሪ ሊያሳይ አይችልም። የተከፈለበት ዋጋ ግን ይታይ። በመጽሐፉ ብሩይነን ወንዝ ላይ ፍሮዶ በኤልፉ በግሎርፊንደል ነጭ ፈረስ ብቻውን ይሻገራል፤ በተመረዘ ቁስል እየተንቀጠቀጠ ወደሚያሳድዱት ወደ ዘጠኙ የሳውሮን ፈረሰኞች ይዞራል፣ ሰይፉን መዝዞ ቀለበቱንም እኔንም አታገኙም ይላቸዋል። በፊልሙ ፍሮዶ በአርወን ፈረስ ላይ እንደ ጆንያ ተጭኖ ይመጣል፣ ሰይፉን የምትመዘው እሷ ናት። መጨረሻ ላይ ቀለበቱ በሚጣልበት በእሳተ ገሞራው አፋፍ ላይ የሚሸነፈው ፍሮዶ ከምን ከፍታ እንደወደቀ የሚለካው በዚህ ትዕይንት ነበር። መለኪያው ጠፋ።

ፋራሚር ላይ ጸሐፊው ጠንካራ ክርክር አላቸው። ጋንዳልፍ እንኳ ለመንካት የፈራውን ቀለበት አንድ ወጣት አዛዥ በቀላሉ ካለፈው ቀለበቱ ምን ያስፈራል? የፊልሙ ጸሐፊዎችም በዲቪዲው ማብራሪያ ይህንኑ ብለዋል። ሌላም ችግር ነበረባቸው፤ ሁለተኛው ቅጽ የሚያበቃው በሸረሪቷ በሺሎብ ዋሻ ነው፣ ፊልሙ ያንን ወደ ሦስተኛው ስላሻገረው ለፍሮዶና ለሳም በሁለተኛው ማብቂያ ላይ የሚሆን ግጭት አልነበረም። ይህ የሙያ ችግር ነው፣ አይናቅም።

መጽሐፉን ግን ቀስ ብለን እናንብበው። ፋራሚር ፍሮዶን ለረጅም ጊዜ ይመረምረዋል። የወንድሙን ሞትና የሆቢቶቹን ዝምታ ደምሮ አንድ አደገኛ ነገር እንዳለ ይደርስበታል፤ ምን እንደሆነ ሳያውቅም መንገድ ላይ ወድቆ ባገኘው፣ የጎንዶር ዋና ከተማ ሚናስ ቲሪት እየፈረሰች ቢሆን እንኳ፣ እንደማያነሳው ይናገራል። ሰዓታት ካለፉ በኋላ ምላስ የማያርፍለት ሳም የቀለበቱን ነገር ያመልጠዋል። ያኔ ፋራሚር ብድግ ይላል፤ ቁመቱ ይረዝማል፣ ፊቱ ይከብዳል፣ ዓይኑ ይብለጨለጫል። ዋሻ ውስጥ ናቸው፣ በዙሪያው ወታደሮቹ አሉ፣ በፊቱ ሁለት አጫጭር ፍጡሮች። ከዚያ በቀስታ ይስቅና ይቀመጣል። ያልኩት ቃል እንደ መሐላ ይይዘኛል ይላል። ፈተናው አልቀረም፤ በአንድ መቆምና በአንድ መቀመጥ መካከል ነው ያለው። ቀለበቱን የሚያሸንፈው ኃይሉ ሳይሆን ሳያውቅ በፊት የሰጠው ቃል ነው። መልአክ ቃል መስጠት አያስፈልገውም።

በፊልሙ ፋራሚር ሁለቱን አስሮ ኦስጊሊያት ወደተባለች የፈራረሰች ከተማ ይወስዳል። እዚያም ፍሮዶ ግንቡ ላይ ወጥቶ ከዘጠኙ ፈረሰኞች አንዱ ለሆነው፣ በክንፍ አውሬ ላይ ለተቀመጠው ናዝጉል፣ ፊት ለፊት፣ ቀለበቱን ያሳየዋል። ይህ ታሪኩን ከሥሩ ይነቅለዋል። በሦስተኛው ክፍል ጋንዳልፍና አራጎርን ሠራዊታቸውን ወደ ጥቁሩ በር የሚመሩት ሳውሮን ቀለበቱ የት እንዳለ ስለማያውቅ፣ አራጎርን ዘንድም ሊሆን ይችላል ብሎ ስለሚያስብ ነው። ከሳውሮን ዋና አገልጋዮች አንዱ ቀለበቱን በአንድ ሆቢት እጅ፣ ከሞርዶር ድንበር በቅርብ ርቀት ላይ ካየ ማታለያው ማንን ያታልላል? ፊልሙ ጥያቄውን አይመልስም፣ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ግል ሕይወት። በሜይ 1944 ቶልኪን ለክሪስቶፈር ሲጽፍ አዲስ ገጸ ባሕርይ መምጣቱን ይነግረዋል፤ አልፈጠርኩትም፣ አልፈለግኩትምም፣ ግን ወደድኩት፣ ወደ ኢቲሊየን ጫካ ራሱ እየተራመደ መጣ ይላል። ያ ሰው ፋራሚር ነው። በ1956 ደግሞ፣ ከገጸ ባሕርያቱ እሱን የሚመስል ካለ ፋራሚር መሆኑን፣ ልዩነቱ ለሁሉም የሰጣቸው ድፍረት ለእሱ መጉደሉ እንደሆነ ጻፈ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያባንነው አንድ ሕልም ነበር፤ አረንጓዴ አገር ላይ የሚወጣ፣ ማምለጫ የሌለው ታላቅ ማዕበል። ያንን ሕልም ለፋራሚር ሰጠው። ፊልሙ በረዘመው ቅጂ ሕልሙን ከፋራሚር ወስዶ ለኤዎዊን ሰጣት። ጸሐፊው ፊልሙ ለሰውየው ይቀርባል ሲሉ ይህን ያውቁ ነበር?

የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች በተመለከተ በመጀመሪያ የምስማማበትን ልናገር። ፊልሙ የተወው ገጸ ባሕርይ ቶም ቦምባዲል ቢቆረጥ ታሪኩ አይጎድልም። እሱም ከቤት የመጣ ነው፤ መነሻው የቶልኪን ልጆች የሚጫወቱበት የሆላንድ አሻንጉሊት ነበር። ፊልሙ ቦሮሚር የሚሞትበትን ውጊያ ማሳየቱ ደግሞ ከመጽሐፉ ይበልጣል፤ መጽሐፉ የሚነግረን ካለቀ በኋላ ነው። «ዘ ሪተርን ኦፍ ዘ ኪንግ» በ2004 በታጨባቸው 11 ዘርፎች 11 ኦስካር መውሰዱም እውነት ነው፤ ኦስካር ግን የሚሰጠው ለፊልም እንጂ መጽሐፍን ለማሸነፍ አይደለም።

«የሻየር መጽዳት» የተባለው ምዕራፍ ግን ትርፍ አይደለም። አራቱ ሆቢቶች፣ ፍሮዶ፣ ሳም፣ ሜሪና ፒፒን፣ ከጦርነቱ ሲመለሱ አገራቸው እንደተዋት አትጠብቃቸውም። ሎቶ የተባለ ዘመዳቸው «አለቃ» ሆኗል፤ የማያልቅ ደንብ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ቢራ ቤቶች ተዘግተዋል። «ሰብሳቢዎችና አካፋዮች» የተባሉ ሰዎች እህሉን ለማከፋፈል ብለው ቆጥረው ይወስዱና ያከማቹታል፣ ተመልሶ ግን አይታይም። ዛፎች ተቆርጠዋል። አሮጌው ወፍጮ ፈርሶ በቦታው በቆመው ትልቅ ቤት የሚፈጭ ነገር የለም፤ ቀን ከሌት ይቀጠቅጣል፣ ጭስ ይተፋል፣ እድፉን ወደ ወንዙ ይለቃል። በደርግ ዘመን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ያስገባ ገበሬ ይህን ምዕራፍ ቢያነብ ማብራሪያ አይጠይቅም። ቶልኪን ግን ስለ ደርግ አልጻፈም፤ ቀደም ብዬ ስለ አንባቢው ነጻነት ያልኩት ይህን ነው።

ይህ ምዕራፍ ስለ ምን ተጻፈ? ብዙ ሰው ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ የነበረችውን እንግሊዝ ነው ብሏል፤ ደራሲው አይደለም አለ። ምዕራፉ ከመጀመሪያ የታሰበ የታሪኩ አስፈላጊ ክፍል መሆኑን ጽፎ፣ ከራሱ ሕይወት የመጣ መሠረት ካለው ግን ቀጭንና ሩቅ እንደሆነ አከለ፦ ልጅ ሆኖ የኖረበት ገጠር አሥር ዓመት ሳይሞላው ሲበላሽ አይቷል። ያ ገጠር በበርሚንግሃም ዳርቻ የነበረችው ሴርሆል ናት። እናቱ ሜብል ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከ1896 እስከ 1900 እዚያ ኖራለች፤ እሱ ከአራት እስከ ስምንት ዓመቱ ማለት ነው። በ1904 እናቱ ሞተች፣ 12 ዓመቱ ነበር። መንደሯ ውስጥ የውሃ ወፍጮና ኩሬ ነበሩ። በመቅድሙ መጨረሻ ላይ፣ ያ ወፍጮ ሊፈርስ ሲቃረብ የተነሳ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ማየቱን ያነሳና፣ የወጣቱን ባለወፍጮ ሁኔታ ወድዶት እንደማያውቅ፣ አባትየው ጥቁር ጺም እንደነበረው፣ ስማቸው ግን ሳንዲማን እንዳልነበረ ይነግረናል። ሳንዲማን የመጽሐፉ ባለወፍጮ ነው። ወፍጮው ዛሬም አለ፣ ሙዚየም ሆኗል። የደራሲውን ሕይወት በጣት ነክቶ ማሳየት የሚቻልበት ቦታ ካለ ይህ ነው፤ ጸሐፊው ትርፍ ነው ያሉትም ይህንኑ ነው።

በታሪኩ ውስጥም ሥራ አለው። የመጨረሻው ውጊያ ሚናስ ቲሪት ላይ ሳይሆን ከቤታቸው ጥቂት ርቀት ላይ ባይዋተር ይካሄዳል፤ 19 ሆቢቶች ይሞታሉ፣ ከወረበሎቹ ወደ 70 የሚጠጉ። የተማሩት ነገር የሚፈተነው እዚህ ነው፤ ሜሪና ፒፒን ያለ ጋንዳልፍ ይመራሉ፣ ፍሮዶ ሰይፍ አይመዝም፣ እጅ የሰጡት እንዳይገደሉ ይከላከላል። ሳሩማን በፍሮዶ የገዛ ደጃፍ ላይ በራሱ አገልጋይ ይታረዳል። ከዚያ በኋላ ሳም የኤልፎች እመቤት ገላድሪኤል በሰጠችው ሣጥን ያለውን አፈር በተቆረጡት ዛፎች ቦታ እንደ ዘር ቅንጣት በቅንጣት እየቆጠበ ያደርሰዋል። ፊልሙ ሣጥኑን በገመድ ተክቶታል፤ የሚጠገን አገር ከሌለ አፈር ምን ያደርጋል?

ለፊልሙ ፍትሐዊ ለመሆን፣ የፍሮዶን ቁስል አልረሳም፤ ዌዘርቶፕ በተባለ ኮረብታ ላይ የተወጋበት ቀን ሲዞር እንደሚያመው ይናገራል። ግን ያልተነካች፣ ያልተለወጠች ሻየር ውስጥ ለምን እንደማይኖር ለማስረዳት ቁስሉ ብቻውን ተትቷል።

ጊዜ አልነበረም ይባላል። በሲኒማ የታዩት ሦስቱ ክፍሎች 178፣ 179 እና 201 ደቂቃ ናቸው፣ ሲደመር ከዘጠኝ ሰዓት በላይ። በሮሃን ምሽግ የሚካሄደው የሄልምስ ዲፕ ውጊያ በመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ነው፤ በሁለተኛው ፊልም የማብቂያውን ሰዓት ይዞታል። ቶልኪን በ1958 ለሌላ የፊልም ረቂቅ አስተያየት ሲሰጥ ይህን ጉዳይ አንስቶት ነበር፦ የዛፍ እረኞቹ የኤንቶችና የዚህ ምሽግ ውጊያ ሁለቱም በበቂ ካልተሠሩ አንዱ ይውጣ፣ የሚወጣውም ለዋናው ታሪክ ጎን የሆነው ውጊያው ይሁን። መቁረጥን አልጠላም ማለት ነው። የጠላው የታሪኩ አስኳል የት እንዳለ ሳያውቁ መጨመርንና ማጋነንን ነው። ስለዚህ ጥያቄው ፊልም መጽሐፍን ሊለውጥ ይገባል አይገባም አይደለም፤ ሲለውጥ የነካው ቅርፊቱን ነው ወይስ አስኳሉን የሚል ነው።

ጸሐፊው ፊልሙን እንደገና የማየት ዕድል ካገኙ አንድ ቦታ ላይ ያቁሙልኝ። አራቱ ሆቢቶች ከጦርነት ተመልሰው «ግሪን ድራጎን» መጠጥ ቤት ተቀምጠዋል። ቤቱ ሞልቷል፣ ቢራው ይቀዳል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው ሌላው ሆቢት የተሸከመውን ትልቅ ዱባ ነው፤ እነሱን ማንም ልብ አይላቸውም። ጥሩ ትዕይንት ነው፤ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሰው ዝምታውን ያውቀዋል። ከዚያ መጽሐፉን ይክፈቱና ያንኑ ቤት ይፈልጉት። መስኮቶቹ ተሰባብረዋል፣ ውስጡ ሰው የለም፣ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት ከሌላ አገር የመጡ፣ ፊታቸው የማያምር ግማሽ ደርዘን ወረበሎች ናቸው።